ስም የሌለው ማስታወቂያ

አጎቴን በመዝገብ ስሙ የሚጠራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ ንፋሱ ነው። ስሙን ያወጣለት የብስክሌት ቡድናቸው ጠጋኝ ነው። አጎቴ ገና ጎረምሳ ሳለ አንድ ረጅም ቁልቁለት ላይ ከፊቱ የነበሩትን ሁሉ እየጣለ ሲያልፍ አይቶ፣ “ይሄ ሰው አይደለም፣ ንፋስ ነው” አለ። ከዚያ ወዲያ ስሙ እንደ ቆዳ ተጣበቀበት።

ያደግሁት እነሱ ቤት ነው። የእናቴ ሥራ ከከተማ ከተማ የሚያዞር ስለነበር ለታላቅ ወንድሟ አደራ ሰጥታኝ ሄደች፤ እዚያው ቀረሁ። እሱን ጋሼ፣ ሚስቱን እትዬ እያልኩ አደግሁ። ልጅ አልነበራቸውም። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ የቡድኑን ማሊያም የምትሰፋው እሷ ነበረች። ማሊያው ብርቱካንማ ሆኖ ከቀኝ ትከሻ እስከ ግራ ወገብ ሁለት ነጭ መስመሮች በሰያፍ ይወርዱበታል። ውድድሩ ሲቃረብ ሳሎናችን መቀመጫ እስኪጠፋ ድረስ በብርቱካንማ ጨርቅ ይሞላል። እንግዳ ከመጣ እትዬ በአፏ መርፌ እንደያዘች፣ “ጠጋ አድርገውና ተቀመጥ” ትላለች። ቁርጥራጩ አይጣልም። የትራስ ልብስ ይሆናል፣ የመጋረጃ ጠርዝ ይሆናል፣ የእኔ የደብተር ቦርሳ ይሆናል። አንድ ጊዜ ለድመታችን ሳይቀር የምትተኛበት ፍራሽ ሰፋችላት። ጋሼ አይቶ፣ “እሷም ቡድኑ ውስጥ ገባች? ከእኔ በፊት ደሞዝ እንዳይጨምሩላት” አለ።

የዚያን ዘመን ውድድር ዛሬ ላላየ ሰው መንገር ያስቸግራል። ለሳምንት ያህል ከተማ ከከተማ የሚያገናኝ ትልቅ ውድድር ነበር። የመጨረሻው ቀን ላይ እትዬ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ እኔን በእጄ ይዛ፣ መድረሻው መስመር አጠገብ ትቆማለች። መጀመሪያ የሚመጣው አውቶቡሱ ነው፤ እሱም ብርቱካንማ፣ እሱም ሁለት ነጭ መስመር ያለው። ጣሪያው ላይ የቆሙ ሴቶች ለሕዝቡ ኮፍያና ሲጋራ ይበትናሉ። ሲጋራው የትምባሆ ኩባንያው ነው፤ ቡድኑም፣ ውድድሩም፣ አውቶቡሱም የኩባንያው ነው። ይሄ ለማንም እንግዳ አልነበረም። ፀሐይ ለምን ትወጣለች ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እንደዚያ ነበር። ከዚያ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ብርቱካንማ ነገር ብልጭ ይላል። ሕዝቡ አንድ ላይ ትንፋሹን ይውጣል። የጎማው ድምፅ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ፣ እየቀረበ ይመጣል። ጋሼ እጆቹን ዘርግቶ መስመሩን ሲያልፍ የተነሳው ፎቶግራፍ አለ። ኩባንያው ያንን ፎቶ አስፍቶ የትልቁ ጎዳና ማዕዘን ላይ ባለ ሕንጻ ግድግዳ ላይ አስሳለው። ሰው ቀጠሮ ሲሰጥ እንኳ “ንፋሱ ሥር እንገናኝ” ይል ነበር።

ማታ ማታ ጠጋኙ ቤታችን ይመጣል። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሁልጊዜ ሲጋራ አለ፤ ሲያወራም አይወድቅም። እኔ በልጅነቴ የፊቱ አካል ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ራሱ አያጨስም፤ “ሳንባዬን ለቁልቁለት ሳይሆን ለዳገት ነው የምፈልገው” ይላል። ጠጋኙ ግን ከአውቶቡሱ የተረፈውን ካርቶን ሁሉ ይወስዳል። እትዬ ጭሱን ለማስወጣት መስኮት ስትከፍት፣ “እመቤቴ፣ ይሄ እኮ ባልሽ ነው” ይላታል። ይስቃሉ። እኔም ነገሩ ሳይገባኝ አብሬ እስቃለሁ።

ዓመታት አለፉ። ጋሼ ጉልበቱ ሲከዳው ውድድር አቁሞ ብስክሌት መጠገኛ ከፈተ። እኔ ሕግ ተምሬ ጠበቃ ሆንኩ፤ አንድ የጤና ማህበር ውስጥ ተቀጠርኩ። በዚያው ሰሞን ሲጋራ በራዲዮም በጎዳናም እንዳይተዋወቅ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ኩባንያው ሕጉን አከበርኩ አለ። ከግድግዳው ላይ የሲጋራውን ስም በቀለም አጠፋ። ፎቶው ግን ቀረ፤ ብርቱካንማው መደብ ቀረ፤ ሁለቱ ነጭ መስመሮች ቀሩ። ውድድሩም “የሁለት መስመር ዙር” ተብሎ ቀጠለ። ስፖንሰሩ ማነው ሲባል፣ በዚያው ቀለም የስፖርት ጫማና ቦርሳ የሚሸጥ አንድ አዲስ ድርጅት ነው ተባለ። የድርጅቱ ባለቤት ያው የትምባሆ ኩባንያው ነበር። ጫማውን እግሩ ላይ ያየሁት ሰው ግን አላስታውስም።

ማህበራችን ክስ መሠረተ። ጉዳዩን የያዙት አለቃዬ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ፣ ሲናደዱ ድምፃቸው የሚቀንስ ሴት። ክሳችን ይህ ስሙን ያወለቀ የሲጋራ ማስታወቂያ ነው፤ ሕጉ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ማስተዋወቅን ስለሚከለክል ይነሳ የሚል ነበር። የኩባንያው ጠበቃ መልስ አጭር ነው። “ቀለም የማንም አይደለም። መስመርም የማንም አይደለም። ስም የሌለበት ግድግዳ ምን ያስተዋውቃል? ያ ምስል የውድድሩ ነው፤ የሕዝቡ ትዝታ ነው። ከሳሾች ትዝታ ላይ ነው ክስ የመሠረቱት።”

እውነት ለመናገር የመጨረሻዋ ቃል እኔንም ወጋችኝ። የዚያ ትዝታ ልጅ ነኝ።

አንድ እሁድ ምሳ ልበላ ቤት ስሄድ ጋሼ የወትሮ ቀልዱ የለም። እትዬ ሳህን አቀረበችልኝና ወደ እሱ አየች።

“ንገራት እንጂ” አለችው። “ነገሩ አፍህ ውስጥ ይሻግታል እንዴ?”

“መጥሪያ ደርሶኛል” አለኝ። “የኩባንያው ሰዎች ምስክር ሁንልን ብለውኛል። እሺ ብያለሁ።”

ጉርሻዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። “ለእነሱ?”

“ለውድድሩ” አለ። “ለእነሱ አይደለም። ልጄ፣ ያንን ቀለም ካነሳችሁት ውድድሩን ማን ያካሂደዋል? አንቺ? ማህበርሽ? ያንን መንገድ ሰው የሚያስታውሰው በዓመት አንዴ ነው። እሱም ከቀረ ያበቃለታል።”

“ጋሼ፣ ማሊያውን ማንም አልጠላውም። ሲጋራውን ነው።”

“ሲጋራው እዚያ ላይ የታለ? ስሙን አጥፍተውታል። የቀረነው እኔና መስመሮቹ ነን።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “መስመሮቹን ደግሞ እዚች ጋ የሰፋቻቸው ሚስቴ ናት” አለና የስፌት መኪናዋ ወደቆመበት ጥግ በአገጩ አመለከተ።

እትዬ፣ “እኔን ተዉኝ፤ እኔ የታዘዝኩትን ነው የሰፋሁት” አለች። “ተጣሉና እህሉ ይቀዝቅዝ።”

አልተጣላንም። ሂድና ያየኸውን ተናገር አልኩት። በማግስቱ ለአለቃዬ ምስክሩ አሳዳጊ አጎቴ እንደሆነ ነገርኳቸው። “ጥያቄውን እኔ እጠይቃለሁ። አንቺ ከጎኔ ትቀመጫለሽ፣ አፍሽን ትዘጊያለሽ” አሉኝ። ከዚያ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ “እኔም አንድ ጊዜ እዚያ መድረሻ ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። ልቤ ወጥቶ ነበር” አሉ።

የችሎቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። የድሮ ብስክሌተኞች፣ ጋዜጠኞች፣ ዝም ብሎ ንፋሱን ለማየት የመጣ ሰውም ነበር። ጋሼ ለሠርግ የሚለብሳትን ግራጫ ኮት ለብሶ ገባ። እትዬ ከኋላ ተቀምጣ ኮሌታው እንደተጣጠፈ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ምሎ ሊመሰክር እጁን ሲያነሳ በሌላው እጁ ኮሌታውን አስተካከለ።

የኩባንያው ጠበቃ በትህትና ጠየቀው። ጋሼ ውድድሩን ተረከ። ዳገቱን፣ ጭጋጉን፣ በየመንገዱ ውሃ ይዘው የሚጠብቁትን እናቶች ተረከ። የችሎቱ ጸሐፊ መጻፉን ትቶ የሚያዳምጥ እስኪመስል ድረስ። ጠበቃው በመጨረሻ፣ “ያንን ቀለም ሲያዩ ምን ያስታውሳሉ?” አለው።

“ሚስቴን” አለ ጋሼ። “ጨርቅ ላይ ጎንበስ ብላ።”

ሰው ፈገግ አለ። ጠበቃው አመስግኖት ተቀመጠ። ክሱ እዚያው ያለቀ መሰለኝ።

አለቃዬ ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሱ። ምስሉን ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ማሳየት ብቻ ነበር ሐሳባቸው።

“ግድግዳው ላይ ያለው ሰው ማነው?”

“እኔ ነኝ።”

“ስምዎ አልተጻፈበትም።”

“ምን ያደርግልኛል? ያየኝ ሁሉ ያውቀኛል።”

“ምን ብሎ ይጠራዎታል?”

“ንፋሱ ነዋ።”

“እዚህ ከተማ ብቻ ነው ወይስ ውድድሩ በሚያልፍባቸው ከተሞችም?”

ጋሼ ፊቱ በራ። ይሄን ፊት አውቀዋለሁ፤ እራት በልቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ ሲያደርግ የሚመጣ ፊት ነው። “ኧረ እዚያማ ይብሳል” አለ። “አንድ ቀን፣ ውድድር በሌለበት ቀን ነው፣ ከሽቅብ መንገዱ ማዶ ያለችው ከተማ ውስጥ ውሃ ልገዛ ሱቅ ገባሁ። አንዱ ከኋላዬ መጣና ‘አንድ ንፋሱ’ አለ። የጠራኝ መስሎኝ አቤት ብዬ ዞርኩ። ባለሱቋ ግን ከመደርደሪያው ብርቱካንማውን ፓኮ አንስታ አንድ ሲጋራ ሰጠችው። ለካ እዚያ አገር ሲጋራውን በእኔ ስም ነው የሚጠሩት። የራሱ ስም የባዕድ ቃል ነው፤ ምላስ ያስራል። ከተማችን ውስጥ እንደምንም ያሳጥሩታል፤ እዚያ ግን መንገዱን በሙሉ ‘ንፋሱ አለ?’ ‘ንፋሱ አልቋል’ ነው የሚባባሉት። ስንት ጊዜ ስቀናል መሰለዎት።”

አዳራሹ ሳቀ። አለቃዬ አልሳቁም። እስክሪብቶአቸውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የኩባንያው ጠበቃ ወንበሩ ላይ ወደ ፊት መጣ።

ጋሼ ሳቁ ገፋፋውና ቀጠለ። “ብስክሌት ጠጋኛችንማ ይብስ ነበር። ቤቴ ቁጭ ብሎ እያጨሰ ለሚስቴ ‘ባልሽን እያጨስኩት ነው’ ይላታል። እሷ መስኮት ትከፍታለች፤ እሱ ‘ተይው፣ ንፋስ በመስኮት አይወጣም’ ይላል። እንደሱ ያለ ተጫዋች አልነበረም።”

ሰብሳቢው ዳኛ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። አሁን መነጽራቸውን አውልቀው፣ “ይሄ ጠጋኝ አሁን የት ነው ያለው? ቀርቦ ሊመሰክር ይችላል?” ብለው ጠየቁ።

ጋሼ በእጁ የምስክር ሳጥኑን ጠርዝ ያዘ።

“አርፏል፣ ክቡር ፍርድ ቤት” አለ። “ቆይቷል። ሳንባውን ነበር።”

ከዚያ በኋላ ሌላ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

የኩባንያው ጠበቃ፣ ይሄ የአንድ ሰው ጨዋታ ነው፣ ማስረጃ አይሆንም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሰጠ፤ እኛም የመንገዱን ከተሞች ዞርን። ባለሱቆቹን እንዲመሰክሩ ማሳመን ጊዜ አልፈጀብንም። ቃሉ ለእነሱ ተራ ቃል ነበር። አንዲት ጠና ያለች ባለሱቅ ችሎት ቀርባ የግድግዳው ፎቶግራፍ ተሰጥቷት፣ “ግድግዳው ላይ ያለውን ሰውዬ ሲያዩ ደንበኞችዎ ምን ያስባሉ?” ተብላ ስትጠየቅ፣ “ሰውዬው አለ እንዴ? እኔ የሲጋራው ሥዕል ነው የመሰለኝ” አለች። ጋሼን አታውቀውም። ሲጋራውን ብቻ ነው የምታውቀው። ሴትየዋ ስትናገር ጋሼ ከኋላ ተቀምጦ ነበር።

የዚያን ቀን ከፍርድ ቤት አብረን በእግራችን ወጣን፤ ሦስታችንም። ግድግዳው ያለበት ማዕዘን ስንደርስ ጋሼ ቆመና ቀና ብሎ አየ። ፊቱ እዚያ ላይ ወጣት ነው፤ እጆቹ ተዘርግተዋል።

“ለካ እኔ ሲጋራ ሆኜ ኖሬያለሁ” አለ።

እትዬ ክንዱን ያዘችው። “ለእኔ ባል ነበርክ” አለች። “ለዚያውም ካልሲውን የትም የሚጥል። ና እንሂድ፣ ፀሐይ ላይ አታቁመኝ።”

ሳቀ፤ ግን ዓይኑ አልሳቀም። ቤት ስንደርስ ሻይ አፍልቼ ይዤለት ሄድኩ። “ጋሼ፣ ተቀይመኸኛል?” አልኩት።

“አንቺን ምን ብዬ እቀየማለሁ። የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ማንም ምላሴን አልጎተተም።” ሻዩን ሳይቀምስ በእጁ አዟዟረው። “እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው። በሕይወቴ ደስ ካሉኝ ነገሮች አንዱ ያቺ ሱቅ ውስጥ የሰማኋት ቃል ነበረች። ለስንት ሰው ተርኬዋለሁ። ደስታውን እንደገና ላገኘው ብል አልመጣ አለኝ። ጠጋኙ መጥቶ መሀል ላይ ይቀመጥብኛል።”

እጁን ያዝኩት፤ መሪ ሲጨብጥ የኖረ እጅ ስለሆነ መዳፉ እስከዛሬ ጠጣር ነው።

ፍርድ ቤቱ ለእኛ ወሰነ። ኩባንያው ይግባኝ ብሎ እዚያም ተረታ። ግድግዳው እንዲጠፋ፣ ቀለሙና መስመሮቹ ከውድድሩ እንዲነሱ፣ የጫማው ድርጅትም ስፖንሰር እንዳይሆን ታዘዘ። ቀቢዎቹ በመጡበት ጠዋት ከሥራ ቀርቼ ሄድኩ። ጋሼ ቀድሞኝ መንገድ ማዶ ቆሟል። ከእግሩ ጀመሩ፤ ብስክሌቱ ጠፋ፣ ማሊያው ጠፋ። አንደኛው ቀቢ መሰላሉ ላይ ሆኖ አወቀውና ብሩሹን እንደያዘ ቆመ። ጋሼ በእጁ ቀጥል አለው። ፊቱ የመጨረሻ ነበር። ሲያልቅ፣ “ነጭ ቀባችሁት እንዴ? በክረምት ጭቃ ይይዛል፤ ግራጫ ይሻል ነበር” አለና ወደ መጠገኛው ሄደ።

የፈራውም ደረሰ። በዚያ ዓመት ውድድሩ አልተካሄደም። ስፖንሰር የሚሆን ጠፋ። ሰፈር ውስጥ አንዳንድ ሰው እኔን ሲያይ ፊቱን ያዞር ጀመር። ፀጉር የምትሠራኝ ሴት ሳትቀር፣ “እናንተ ሰዎች ሲጋራውን ሳትነኩ ብስክሌቱን ገደላችሁት” አለችኝ። ለመከራከር አፌን ከፈትኩና መስታወቱ ውስጥ ፊቴን አየሁት፤ የእሷም ፊት አጠገቤ አለ፤ በልጅነታችን እዚያ መድረሻ ላይ ጎን ለጎን የቆምን ነን።

ውድድሩ ይጀመርበት በነበረው ቀን ጠዋት እትዬ ደወለችልኝ። “አጎትሽ ብስክሌቱን አውጥቷል” አለች። “አይሆንም ብዬዋለሁ፣ ጆሮ የለውም። መኪናሽን ይዘሽ ነይ።”

ስደርስ ብቻውን አልነበረም። የድሮ ባልደረቦቹ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሆዳቸው የወጣ፣ መጠገኛው ፊት ለፊት ተሰብስበዋል። ማን እንደጠራቸው እርስ በርሳቸው ይካካዳሉ። አንዱ የልጁን የእግር ኳስ ማሊያ ለብሷል፣ ሌላው ሸሚዝ በክራባት ነው፤ ከሥራ ቦታው የጠፋ ነው። ጋሼ እትዬ የሰፋችለትን ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል። ተነሱ። እኔና እትዬ በመኪና ከኋላ ተከተልናቸው።

መጀመሪያ መንገደኛው አይቶን አለፈ። ከዚያ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ተነስቶ አጨበጨበ። ቀጥሎ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች አጨበጨቡ። የሕንጻ ሠራተኞች ከላይ አፏጩ። ከከተማው ስንወጣ አንዲት በብስክሌት ዳቦ የምታከፋፍል ወጣት ቅርጫቷን እንደጫነች ተቀላቀለቻቸውና ወዲያው ሁሉንም ጥላቸው ሄደች። ጋሼ ከመቀመጫው ተነስቶ ሊከተላት ሞከረ። ከኋላ ሆኜ ትከሻው ሲወዛወዝ አየሁት፤ ያው የድሮው ትከሻ ነው።

እትዬ በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ “አንተ ሰው፣ ዕድሜህን አስብ” አለችው።

“ዳቦ ልገዛ ነው” አለ እየቃተተ።

ዳገቱ ግማሽ ላይ ጋሼ ከብስክሌቱ ወረደ። ብስክሌቱን መኪናው ላይ ጫንነው፤ እሱ የኋላ ወንበር ላይ ከእትዬ ጎን ተቀመጠ። ላቡ ይንጠባጠባል፣ ፊቱ ቀልቷል። የቀሩት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እያለፉን ሲሄዱ አንዳንዱ መስኮቱን እያንኳኳ ይሰድበዋል፤ እሱም ይመልሳል። በሚቀጥለው ዓመት ቀደም ብለን እንጀምር፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ አለ። የዳቦዋን ልጅም ስሟን ጠይቁልኝ አለ። እትዬ በሻርፗ ግንባሩን ጠረገችለት። ዳገቱ አናት ላይ ደርሰን ቁልቁለቱ ሲጀምር ልነግረው ዞር አልኩ፤ ራሱን ትከሻዋ ላይ ጥሎ፣ አንቀላፍቶ ያንኮራፋል።